ለጥበብ ቀለብ የቆረጡ እናት

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተነሥቶ ሦስት ሰዓት ያህል በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው ከደቅ ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ ናርጋ ሥላሴን ያገኛል። በድንጋይ ቅጥር የታጠረ፣ በሩ ላይ ግንብ የቆመለት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከመቅደሱ ግድግዳ ፊት የቆመ ሰው ዓይኑ ወደ ላይ ይሳባል፤ መላእክቱ፣ ሰማዕታቱ፣ ፈረሰኞቹ ቅዱሳን ግድግዳውን ሞልተውታል። እኔ ግን አንባቢዬን ወደ ታች እንዲመለከት እለምነዋለሁ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከተሣለችበት ሥዕል ግርጌ አንዲት ሴት በደረታቸው ተደፍተው ይታያሉ። የለበሱት ያጌጠ የቤተ መንግሥት ልብስ ነው። እኚህ ሴት ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው።

በጎንደር ዘመን ሠዓሊ በሥዕሉ ላይ ስሙን መጻፍ ልማዱ አልነበረም። ከሥዕሉ ግርጌ የሚታየው የሣለው ሰው ሳይሆን ያሣለው ሰው ነው። የዛሬ ተመልካች ደግሞ ሥዕል ባየ ቁጥር «ማን ሣለው?» ብሎ መጠየቅ ለምዷል፤ መልስ ሲያጣ ያዝናል። የጣናን ግድግዳዎች በደንብ ማንበብ የሚፈልግ ሰው ግን ከዚያ በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለው፦ ሲሥል የከረመውን ሠዓሊ ማን አበላው? ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ጥያቄ ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቋራ የመጡ ወይዘሮ

ምንትዋብ የተወለዱት ከጣና በስተምዕራብ ባለው በቋራ ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። ከ1721 እስከ 1730 የነገሡትን ዐፄ በካፋን አግብተው አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። በካፋ በ1730 ሲያርፉ ልጁ ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። ምንትዋብ ብርሃን ሞገሳ ተብለው ዘውድ ጫኑና ከልጃቸው ጋር መንግሥቱን ያዙ። ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑልም ዋና ደጋፊያቸው ሆነ።

ነገሩ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1732 አመፀኞች ጎንደርን ይዘው ቤተ መንግሥቱን ከበቡ፤ እቴጌይቱ፣ ልጃቸውና ወንድማቸው በግንቡ ውስጥ ተዘግተው ከሞት የተረፉት ለጥቂት ነው። ዘመዶቻቸው ከቋራ የመጡ ሰዎች ስለነበሩ ጎንደር ውስጥ በበጎ ዓይን የማያያቸው መኳንንት ብዙ ነበር። እንዲህ ያለ ገዥ ሥልጣኑን በሰይፍ ብቻ አያጸናም፤ ካህናቱ በጸሎታቸው ሲያነሡት፣ ሊቃውንቱ በቅኔያቸው ሲያመሰግኑት፣ ሕዝቡ በየበዓሉ ደጁን ሲስመው ይጸናል። ምንትዋብ ይህን ከማንም በላይ ያወቁ ይመስለኛል። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ከነቤተ መንግሥቷ አሠሩ። በጣናም ላይ ናርጋ ሥላሴን ተከሉ። እምነታቸውና ፖለቲካቸው አንድ ላይ የተጋመዱ ነበሩ፤ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ለማየት መሞከር ያን ዘመን አለማወቅ ነው።

ሐይቁም ቢሆን ለሴት መሪ እንግዳ አልነበረም። ከምንትዋብ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከ1592 እስከ 1642 የኖሩት ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የዐፄ ሱስንዮስን የካቶሊክ እምነት አልቀበልም ብለው፣ ባለ ሥልጣን ባላቸውን ትተው መንነዋል፤ በጣና ዙሪያም የመነኮሳትና የመነኮሳይያት ማኅበራት አቋቁመዋል። ገድላቸው የተጻፈው በ1672 ሲሆን ቅርሳቸው ከሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከቆራጣ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው። ናርጋ ግን ለሴቶችም ክፍት ነው፤ ከባሕር ዳር የሄደች እናት ልጇን ይዛ ገብታ፣ ሌላዋን እናት ከእመቤታችን እግር ሥር ልታሳየው ትችላለች።

አንድ መጽሐፍ ስንት ፍየል ይበላል?

ጥበብ ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ የሚያስረዳ ከብራና የተሻለ ምሳሌ የለም። ፍየሉ ይታረዳል፤ ቆዳው ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ በገመድ ይወጠራል። ብራና ፋቂው ሥጋና ስቡን በአንድ በኩል፣ ጠጉሩን በሌላ በኩል እየፋቀ፣ እያደረቀ፣ እንደገና እያለሰለሰ ነጭና ስስ ያደርገዋል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ከአንድ ቆዳ የሚወጣው ጥቂት ቅጠል ብቻ ነው፤ መጽሐፉ ትልቅ ከሆነ ቅጠሉ ያንሳል። ስለዚህ ለአንድ ተአምረ ማርያም ወይም ለአንድ ወንጌል መንጋ ፍየል ያስፈልጋል።

ብራናው ሲዘጋጅ ቁም ጸሐፊው ይቀመጣል። በወስፌ ቀዳዳ እየመታ መስመር ያሰምራል፤ ብዕሩን ከሸምበቆ ይቀርጻል። ጥቁሩን ቀለም ከጥቀርሻ ያዘጋጃል፤ ቀዩን ለቅዱሳን ስም ያስቀምጠዋል። ሥራው ወራትን ይፈጃል። እሱ ሲጨርስ በሐረግ የሚያስጌጠው፣ ሥዕሉን የሚሥለው፣ የሚደጉሰው ባለሙያ ይከተላል። የግድግዳ ሥዕልም እንዲሁ ነው። በናርጋ እንዳለው ሥዕሉ የሚሣለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ሲሆን ጨርቁ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ጥጡን የፈተለች፣ ሸማውን የሸመነ፣ ቀለሙን ከገበያ ያመጣ ነጋዴ፣ ጀልባውን የቀዘፈ ሰው ሁሉ እንጀራ ይበላል።

ታዲያ ይህን ሁሉ እንጀራ ማን ያቀርባል? በዚያ ዘመን መልሱ መሬት ነበር። እቴጌይቱ አንድ ደብር ሲተክሉ ሕንፃውን ብቻ አሠርተው አይሄዱም፤ ጉልት ይሰጡታል። ከዚያ መሬት የሚገኘው ግብር ለቄሱ፣ ለደብተራው፣ ለመሪጌታው፣ ለመጽሐፉና ለጧፉ ቀለብ ይሆናል። የጉልቱ ውል በደብሩ ወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጻፋል፤ ምስክሮቹ በስም ይጠራሉ፤ ውሉን የሚያፈርስ ሰው በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ይወገዛል። ቁስቋም እንዲህ ካሉት ደብሮች ሁሉ ባለጸጋዋ ከሚባሉት አንዷ ነበረች፤ የመሬት መዝገቧ ዛሬ የዚያን ዘመን ኢኮኖሚ ለሚያጠኑ ሰዎች ትልቅ ምንጭ ነው።

ውለታው ያለ ዕዳ አልመጣም። የጉልቱን ግብር የሚከፍለው ገበሬ ነው፤ ከሥዕሉ ግርጌ ግን አይታይም። የእቴጌይቱን ደግነት ስናደንቅ ይህንን ገበሬ መርሳት የለብንም። የናርጋን ግድግዳ የቀለበችው እናት በእጇ የያዘችው መሶብ ከብዙ ማሳ የተሞላ ነበር።

ቀለሙ እንዴት ተለወጠ?

ቀለብ ሲገኝ ጥበብ ብዛቷ ብቻ ሳይሆን መልኳም ይለወጣል። የጥበብ ታሪክ ሊቃውንት የጎንደርን ሥዕል በሁለት ስልት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋው ነው፤ ቀለሞቹ ደማቅና ጥርት ያሉ ናቸው፤ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ልብሱ በመስመር የተከፋፈለ ነው። ሁለተኛው የጎንደር ስልት የሚባለው ያበበው በምንትዋብና በልጃቸው ዘመን ነው። እዚህ ሠዓሊው ጉንጭንና አንገትን በጥላ ያሞላዋል፤ ፊት ከግድግዳው ወጣ ብሎ የሚያይ ይመስላል። ከበስተጀርባ ያለው ቀለም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ይሸጋገራል። የእመቤታችን ካባና የነገሥታቱ ልብስ በአበባና በሐረግ ያጌጠ ነው፤ ከህንድና ከሌላ አገር በቀይ ባሕር በኩል የገባው ሐርና ወርቀ ዘቦ በሠዓሊው ዓይን ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ይህ ለውጥ ከቤተ መንግሥቱ አኗኗር ጋር የተሳሰረ ነው። ዳግማዊ ኢያሱ ውብ ነገር የሚወዱ ንጉሥ ነበሩ፤ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንደሚተርከው የጎንደር ቤተ መንግሥታቸውን ከውጭ በመጡ ባለሙያዎች እጅና በመስተዋት አስጊጠዋል። በጦር ሜዳ ግን አልቀናቸውም፤ በ1744 በስናር ዘመቻ ጦራቸው ክፉኛ ተመታ። ጠላቶቻቸው «ትንሹ ኢያሱ» ብለው ሊያሳንሷቸው ሞክረዋል። ከአያታቸው ከታላቁ ኢያሱ ጦረኝነት ጋር ያስተያዩአቸው ሰዎች ፍርዳቸው ይኸው ነው። የጣናን ግድግዳዎች የሚያይ ሰው ግን ሌላም ሚዛን እንዳለ ያውቃል።

ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ

የምንትዋብ ቤት ታሪክ ከእሳቸው ጋር አላበቃም። ከበካፋ ሞት በኋላ ምልምል ኢያሱ ከተባለ ሰው ሦስት ሴቶች ልጆች ወልደዋል፦ አስቴር፣ ወለተ እስራኤልና አልጣሽ። ወለተ እስራኤል የጎጃሙን ደጃዝማች ዮሴዴቅን አግብታ ሞጣ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስን ደብር ተከለች፤ እናቷ በጎንደርና በጣና ያደረጉትን እሷ ከዓባይ ዳር ባለው አገር ደገመችው። ልጇ ራስ ኃይሉ በኋላ የጎጃም ገዥ ሆነ። ጉልት መስጠት፣ ደብር መትከል፣ መጽሐፍ ማስጻፍ በዚህ ቤት ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ ልማድ ነበር።

የብዕሩም ነገር እንዲሁ ነው። የእቴጌይቱ ወንድም የእሸቴ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ በ1780ዎቹ አንድ ትልቅ ሥራ አሠራ። ተበታትነው የነበሩትን የነገሥታት ዜና መዋዕሎች አሰባስቦ በአንድነት አስጻፋቸው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ወደ ጎንደር ሲመጣ የዚህን ስብስብ ቅጂ አግኝቶ ወደ ፍራንክፈርት ወስዶታል። ስለ ጎንደር ነገሥታት የዛሬው አንባቢ ከሚያውቀው ውስጥ ብዙው የደረሰን በደጃዝማች ኃይሉ ትጋት ነው። አክስቱ በግድግዳ ያስቀመጡትን ዘመን የወንድም ልጅ በብራና አስቀመጠው።

የእቴጌይቱ የመጨረሻ ዓመታት ግን መራራ ነበሩ። ልጃቸው በ1755 ሞተ፤ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሠ። በቋሮችና በኢዮአስ እናት በውቢት ዘመዶች መካከል የሥልጣን ሽኩቻ ተነሣ፤ ሊያስታርቅ የተጠራው ራስ ሚካኤል ስሑል በ1769 ኢዮአስን አስገደለው። ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲደርስ ያገኛቸው በቁስቋም፣ የልጅ ልጃቸውን ኀዘን ተቀምጠው ነው። ቤተሰቡ ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር ብሩስን ሕፃናቱን እንዲያስታምም ጠሩት፤ እንግድነቱም በዚያ በኩል ጸና። ምንትዋብ በ1773 አረፉ። አፅማቸው ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው አፅም ጋር ዛሬም በቁስቋም አለ።

ሌላዋ እናት በሎንዶን

ጥበብ ቀለብ የምትፈልገው በነገሥታት ቤት ብቻ አለመሆኑን ለማየት አንድ መቶ ዓመት ወደፊት፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ወደ ነበረችው ሎንዶን እንሂድ። ወይዘሮ ፍራንሲስ ሮሴቲ በ1800 ተወለዱ። አባታቸው ጌታኖ ፖሊዶሪ ጣሊያናዊ የቋንቋ መምህር ነበሩ። በ1826 ያገቡት ገብርኤሌ ሮሴቲም ከኔፕልስ የተሰደደ ጣሊያናዊ ገጣሚ ነበር። ከ1827 እስከ 1830 ባሉት አራት ዓመታት አራት ልጆች ወለዱ፦ ማሪያ፣ ዳንቴ ገብርኤል፣ ዊልያምና ክርስቲና። አራቱም ደራሲዎች ሆኑ፤ ዳንቴ ገብርኤል ደግሞ ሠዓሊም ነበር።

ወይዘሮ ፍራንሲስ ጉልት አልነበራቸውም። የነበራቸው ዕውቀት ነው፤ ከጋብቻቸው በፊት በሰው ቤት ልጆች ያስተምሩ ነበር። የራሳቸውን ልጆች ንባብና ሃይማኖት ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው። በ1840ዎቹ የባላቸው ዓይንና ጤና ሲደክም ቤቱን ለመደጎም ወደ ማስተማር ተመለሱ። ክርስቲና በ11 ዓመቷ ለእናቷ የልደት ቀን ግጥም ስትጽፍ፣ አያቷ በቤታቸው ባቆሙት የግል ማተሚያ አተሙላት። የመጀመሪያ የግጥም መድበሏም በ1847 የወጣው ከዚሁ ማተሚያ ነው። አንድ ልጅ ገጣሚ ለመሆን የሚያስፈልጋት ነገር ሁሉ፣ ማለትም የሚያነብላት እናት፣ የሚያትምላት አያት፣ የሚሟገታት ወንድም፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ነበረ።

ዳንቴ ገብርኤል በ1849 ለሕዝብ ያሳየው የመጀመሪያ ትልቅ የዘይት ሥዕሉ የእመቤታችንን የልጅነት ጊዜ የሚያሳይ ነበር። በሥዕሉ ላይ እመቤታችን የክርስቲናን መልክ ይዛለች፤ እናቷ ቅድስት ሐና የወይዘሮ ፍራንሲስን። ይህን ከናርጋው ጋር አስተያዩት። የሎንዶኑ ልጅ እናቱን ሐና አድርጎ ሣለ። የጎንደሩ ሠዓሊ ግን እንዲህ ሊያደርግ አይችልም ነበር፤ በእኛ የአሣሣል ሥርዓት የቅዱሳን መልክ የሚወሰደው ከአባቶች ከተላለፈ አብነት እንጂ በሕይወት ካለ ሰው አይደለም። በሕይወት ያለ ሰው ቦታው ከእግር ሥር ነው፤ እቴጌም ቢሆን። ሁለቱ ሥዕሎች የሚገናኙት ግን አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሁለቱም ጥበቡን የቀለበችውን እናት በግልጽ ያሳያሉ። የሎንዶኗ የሰጠችው ትምህርትና ቤት፣ የቋራዋ የሰጠችው መሬትና መንግሥት ቢሆንም፣ ያለ እነሱ አንዱም ሥዕል አይኖርም ነበር።

ውኃው ያዳነው

የሁለቱ ዓለማት ታሪክ በ1868 በአሳዛኝ መንገድ ተገናኘ። እንደ ምንትዋብ የቋራ ሰው የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ ወስደው ነበር። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ንብረቱ ተዘረፈ፤ ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገዋል። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች በሎንዶን ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ከእነሱ መካከል በምንትዋብ ዘመን ስልት ያጌጡ አሉ። የሮሴቲ ልጆች ሥዕልና ግጥም በሚያወጡባት በዚያችው ከተማ የሌላ እናት ልጆች ሥራ በመደርደሪያ ተቀመጠ።

በ1888 ደግሞ የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ከጥፋቱ አላመለጠችም። ናርጋ የተረፈው ውኃ ስለከለለው ነው። በጣና ዙሪያ የሚኖር ሰው ይህን ከጥንት ያውቃል፤ ጦርነት በመጣ ቁጥር ንዋየ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ ይሻገራሉ። እቴጌይቱ ደቅን ሲመርጡ ይህን አስበው ይሁን አይሁን፣ ምርጫቸው ሁለተኛውን የጎንደር ስልት በተወለደበት ግድግዳ ላይ እንድናየው አድርጎናል።

ዛሬ ቀለቡ ከየት ይመጣል?

በ1975 የወጣው የመሬት አዋጅ ጉልትን አስቀረ። ለገበሬው ፍትሕ ነበር፤ ከላይ ያነሣሁት ከሥዕሉ ግርጌ የማይታየው ሰው በመጨረሻ ማሳውን አገኘ። ነገር ግን ሠዓሊውንና ቁም ጸሐፊውን ለብዙ መቶ ዓመታት የቀለበው ሥርዓት አብሮ ቆመ፤ በምትኩ የቆመ ነገር ግን ጥቂት ነው። የጎብኚ ገንዘብ ሰላም ሲኖር ይመጣል፤ ሰላም ሲታጣ ይቀራል። የደሴቶቹ ካህናት ከቡናና ከእርሻ ተርፏቸው ጣሪያ ይጠግናሉ።

የማይቋረጠው የእናቶች ቀለብ ብቻ ነው። በጣና ዙሪያ ባሉ የአብነት ትምህርት ቤቶች ዜማና ቅኔ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ዛሬም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። በር ከፍታ ቁራሽ የምትሰጠው ሴት ስሟ በየትኛውም ወንጌል ላይ አይጻፍም፤ ምንትዋብ በጉልት ያደረጉትን እሷ በአንድ ቁራሽ ታደርገዋለች። የግእዝ ቅኔ እስካሁን ያልሞተው በዚህች ሴት ነው ብል አላጋነንኩም።

ለሥዕሉ ግን ቁራሽ አይበቃውም፤ ዕውቀት ያለው ቀለብ ይፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ላድስ ብሎ በቅንነት ተነሥቶ አሮጌውን ሥዕል በአዲስ የፋብሪካ ቀለም የሚሸፍን ለጋስ፣ የመጀመሪያውን ሠዓሊ ድካም ሳያውቅ ያጠፋዋል። ጣሪያ ሲያፈስ ጨርቁ ከግድግዳው ይላቀቃል፤ በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ ሥዕል ሳይሆን ቆርቆሮውን የሚጠግን እጅና ጨርቁን መልሶ የሚያጣብቅ የሰለጠነ ባለሙያ ነው። ስለዚህ ለጥበብ መስጠት የሚፈልግ ሰው፣ በባሕር ዳር የሚኖር ነጋዴም ሆነ ከውጭ አገር ገንዘብ የሚልክ ወገን፣ ከመስጠቱ በፊት ሁለት ነገር ቢያደርግ እመክራለሁ። ያለውን ሥዕል ከመነካቱ በፊት በፎቶግራፍ ይያዝ፤ አዲስ ሥዕል ካሣለ ደግሞ የሠዓሊውን ስም ከራሱ ስም አጠገብ ያስጽፍ። እቴጌ ምንትዋብ የቀለቧቸውን ሠዓሊዎች ስም ዘመናቸው አላስቀመጠልንም። የእኛ ዘመን ግን የቀለበውንም የሣለውንም አብሮ ማስታወስ ይችላል፤ ይህን ካደረግን ለልጅ ልጆቻችን ከእሳቸው የበለጠ የተሟላ ውርስ እንተዋለን።